ለእኔ ያልተነገረኝ የደሜ ውጤት

ጉበቴን ያመኛል ስል የማያውቁኝ ሰዎች ምን እንደሚያስቡ ከፊታቸው አነበዋለሁ። ጠጪ ናት ነው የሚሉት። እኔ እዚሁ ሐዋሳ፣ ታቦር፣ ሕፃናት ሳስተምር የኖርኩ ጴንጤ ነኝ፤ ጠላ እንኳን ቀምሼ አላውቅም። ጉበቴን ያበላሸው የጉበት ቫይረስ ነው። ሳይታወቅብኝ ለዓመታት ተቀምጦ ጠባሳ በጠባሳ አደረገው። ይህን ለስንቱ ላስረዳ!

የመጀመሪያው ሐኪሜ በግልጽ ነበር የነገረኝ። እንዲህ በጠባሳ የደነደነ ጉበት ላይ ካንሰር ሊነሳ ስለሚችል፣ በየስድስት ወሩ አልትራሳውንድ እየታየሁ ደም መስጠት አለብኝ። ደም ውስጥ አልፋ የሚሉት ፕሮቲን አለ፤ እሱ ከፍ ከፍ ማለት ከጀመረ ጠለቅ ያለ ምርመራ ይፈልጋል። «ዕጢው በትንሽነቱ ከተገኘ አዲስ አበባ በቀዶ ጥገና ይወጣል። ካደገ ግን ብዙም ማድረግ አንችልም» አለኝ። እንግዲህ ነገሩ ሁሉ ቶሎ ማወቅ ላይ ነው። እስከ ዓምና አንድም ቀጠሮ አላሳለፍኩም።

ባለፈው ዓመት ደም ሰጥቼ ስመጣ ትምህርት ቤት ፈተና ስለነበረብን ውጤቱን ሊቀበል ባለቤቴ ሄደ። ሲመለስ ገና ከበር፣ «እልል በይ፣ ጥርት ብሎ ወጥቷል!» አለኝ። እልል አልኩ። እህቴ መጥታ አንገቴን አቅፋ አለቀሰች፤ የደስታ መስሎኝ እኔም አብሬያት አለቀስኩ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ማይክ ይዤ ቆምኩና ጌታ እንዴት እንደፈወሰኝ መሰከርኩ። ጉባኤው አጨበጨበ። ባለቤቴም ፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ አጨበጨበ!

የሚቀጥለው ቀጠሮ ሲደርስ፣ «ድነሽ ሳለ ምን ያመላልስሻል? እምነትሽ የታለ?» እያለ አዘገየኝ። ዘንድሮ ቀኝ ጎኔን መውጋት ሲጀምረኝ ግን ለማንም ሳልናገር ባጃጅ ይዤ ሄድኩ። አዲስ የመጣች ወጣት ሐኪም ኮምፒውተሩን አይታ፣ «አዲስ አበባ ምን አሉዎት?» አለችኝ።

«አዲስ አበባ ምን ልሠራ?»

«ባለፈው አልፋዎ ከፍ ብሎ ሪፈር ተብለው ነበር እኮ። ለባለቤትዎ ተነግሯቸዋል።»

ክው አልኩ። እሷም ደንግጣ ወዲያው ሲቲ ስካን አዘዘችልኝ።

ቤት ገብቼ ጎረቤት እስኪሰማ ጮህኩበት። «ልብሽ እንዳይሰበር ብለን ነው» አለኝ። ብለን! እሱ፣ ቱላ ያለው ወንድሙና የእኔው እህት ተሰብስበው መክረውብኛል። በእኛ ዘንድ ክፉ በሽታ ለቤተሰብ እንጂ ለታማሚው አይነገርም፤ አባቴም በምን እንደታመመ ሳያውቅ ነው የሞተው። «ሌት ተቀን እየጸለይንልሽ ነበር» አለኝ።

«መጸለዩንስ ጸልዩ! አዲስ አበባ ብትልኩኝ ጸሎታችሁ ይፈርስ ነበር?»

ከዚያ ወዲያ አላናገርኩትም።

የሲቲ ስካኑ ውጤት ቀን ግን ካልሄድኩ ብሎ ተከተለኝ። ሐኪሟ አፏን ሳትከፍት ብድግ አለና፣ «ዶክተር፣ አንዴ ለብቻችን...» ሲል፣ «ውጣልኝ!» አልኩት። ወጣ። ዕጢው አድጎ ትልቁ የደም ሥር ውስጥ ገብቷል። ቀዶ ጥገናው አይሆንም፤ የቀረው ማስታገስ ነው። «ያኔ ቢሆን ኖሮ ምናልባት...» አለችና ተወችው።

ባለቤቴ ደጅ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር። ምንም ሳልቀንስ ነገርኩት። ግድግዳውን ተደግፎ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ። አንጀቴ አልራራለትም፣ ለምን እዋሻለሁ?

አንዲት ልጅ አለችን፤ አዲስ አበባ ነው የምትሠራው። በየሳምንቱ እየደወለች፣ «እማዬ፣ ደህና ነሽ አይደል?» ትለኛለች። እሷ እንኳ እንደ እኔ እንዳትታለል ብዬ ስልኬን አወጣሁ። ባለቤቴ እጄን ያዘኝ።

«ተይ፣ እኔ እነግራታለሁ።»

«አንተማ ትነግራታለህ!» ብዬ እጄን መንጭቄ ደወልኩ።

«ልጄ፣ ጉበቴ ላይ ካንሰር ወጥቷል» አልኳት።

በቀስታ፣ «እማዬ፣ ማን ነገረሽ?» አለችኝ።