የውሸት ሕመሜና የምርጫ ካርዱ

ቂም አልይዝም የሚል ሽማግሌ ቢያጋጥማችሁ አትመኑት። እኔን ጉልበቴ ከድቶኛል፣ ጥርሴ ከድቶኛል፤ ያልከዳኝ ቂሜ ብቻ ነው።

የቂሜ ምክንያት ጎረቤቴ ነበር። ከመርሳ ወደ ግራና ከተማ በሚወስደው መንገድ ዳር ማሳችን ይዋሰናል። አንድ ዓመት ድንበሬን ገፋ፤ ከድንበሬ ጋር ሴቶቹ ወደ ምንጭ የሚወርዱበትን መንገድም አርሶ ማሽላ ዘራበት። ሴቶቹ ጀሪካን አዝለው ጉብታውን መዞር ጀመሩ። ወንዱ ውኃ አይቀዳምና ነገሩ አልቆረቆረውም። ይኸው ሰው ለምክር ቤት ተወዳደረ።

«እርስዎ ባይመርጡኝም ወንዱ ከኔ ጋር ነው፣ አባቴ» አለኝ እየሳቀ።

«ሴቶቹስ?»

«ሴት ምን ካርድ አላት!»

እውነቱን መሆኑ ነው ያንገበገበኝ። ወልድያ ያለችው ልጄ እንደነገረችኝ፣ የከተማዎቹ ሴቶች ካርዳቸውን ገና በጠዋቱ አውጥተዋል። የእኛዎቹ ግን ባል ከተመዘገበ ቤቱ የተመዘገበ ይመስላቸዋል። ለቀብርና ለለቅሶ የምንረዳዳበት ቅሬያችን እንደዚያ ነዋ፤ አባወራውን ከጻፈ ቤተሰቡን ሁሉ ጻፈ ማለት ነው። ብነግራቸው ሳቁብኝ። «ሁለቴ ተመዝግበን እንታሰርልዎ?» አለችኝ አንዷ።

ስለዚህ ታመምሁ።

የመመዝገቢያው ድንኳን ከደጄ ፊት ለፊት ነበር። ምዝገባው በሚዘጋበት ዕለት ጋቢዬን ተከናንቤ ተጋደምሁና ወሬውን እንድትነዛ ባለቤቴን ላክኋት። የቅሬ ሰው ታሞ አለመጠየቅ ነውር ነው፤ እስላሟም ክርስቲያኗም ተያይዘው መጡ።

«አላህ ያሽርዎት፤ ምንዎን ነው ያመመዎት?»

«መንገዱን» አልሁ እያቃሰትሁ። «የምንጩን መንገድ። ያረሰባችሁ ሰው፣ ሴት ካርድ የላትም እያለ ይስቃል። የባል ካርድ የባል ነው፤ ካላመናችሁኝ ድንኳኑ ያውላችሁ፣ መዝጋቢዋን ጠይቋት።»

«እኚህ ሰውዬ! እኛ እኮ እንባችንን አዘጋጅተን ነው የመጣነው!» አለች አንዲት አሮጊት። እንደተቆጣች ቀድማ ወደ ድንኳኑ ተሻገረች፤ ሌሎቹም ተከተሏት።

በምርጫው ዕለት ከወንዶቹ ብዙዎቹ ካርዳቸውን ኪሳቸው ከትተው መርሳ ከተማ ወሬ ሲሰልቁ ዋሉ። ሴቶቹ ጀሪካናቸውን እንዳዘሉ ተሰለፉ። ጎረቤቴ ተሸነፈ።

በንዴት አልጋ ያዘ። እንግዲህ የቅሬ ሰው ታሞ ዝም አይባል! ሴቶቹን ከፊት እየመራሁ ሄድሁ። እንደዚያን ቀን እግሬ ቀሎኝ አያውቅም።

«እግዜር ይማርህ፣ ልጄ።»

በጎሪጥ አየኝ። «እርስዎም አልመረጡኝም አይደል፣ አባቴ?»

«ሚካኤል ምስክሬ ነው፣ ለተቀናቃኝህ ድምፅ አልሰጠሁም።»

እውነቴን ነው። በውሸት ታምሜ ተኝቼ ምዝገባው አልፎኛል፤ ሰፈሩን ሁሉ አስመዝግቤ ካርድ አልባ የቀረሁት እኔ ነኝ።

ድንበሬ ዛሬም እንደተገፋ ነው። ሴቶቹ ግን ከጥየቃው ሲመለሱ ጉብታውን አልዞሩም። በማሽላው ቡቃያ መሃል ቀጥ ብለው ወደ ምንጩ ወረዱ፤ እኔም ከኋላቸው፣ እግሬን ጫን ጫን እያደረግሁ።