የሌለችው አክስት ተዝካር

እኔ የወደቅኩት በኅዳር ሚካኤል ቀን ነው። ይህን ስናገር ጎንደር ያደገ ሰው ሁሉ ፊቱን ያጠቁርብኛል፤ ያጥቁር። በኅዳር ሚካኤል ሰው ታቦት ያጅባል እንጂ ግድግዳ አይለስንም። እኔ ግን እለስን ነበር፤ ያውም የባሕር ዛፍ መወጣጫ ላይ ቆሜ።

ሥራው ጠዳ ነበር፣ ከአዘዞ አለፍ ብላ ባለችው ከተማ፤ ገና ያላለቀ የእንግዳ ማረፊያ ሕንፃ ነው። እኔ ጎንደር ከተማ ከእናቴ ጋር እኖራለሁ። ልስን የተማርኩት ቴክኒክና ሙያ ገብቼ ነው። ሴት ልጅ አሸዋ ተሸክማ ብትመላለስ ማንም አይገርመውም፤ የልስን ማንኪያ ይዛ ግድግዳ ስትለስን ግን መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ያያታል። እኔም ቆሞ የሚያየኝን ሁሉ "ና እስቲ ባልዲውን አቀብለኝ" እያልኩ አባርር ነበር። አፌ አያርፍም፤ እናቴ "ምላስሽ ካንቺ ቀድሞ ነው የተወለደ" ትለኛለች።

ትምህርት ቤት ያልነገረኝን የልስን ምስጢር ያሳዩኝ ዋናው ለሳኛችን ናቸው። የጠዳ ሰው ናቸው፤ ረጋ ያሉ፣ ሲቆጡ እንኳ ድምፃቸው ከፍ የማይል። በሰፈራቸው የሚካኤል ጽዋ ማኅበር ሙሴ ስለሆኑ፣ ማለትም ማኅበሩን የሚመሩትና በወሩ አሥራ ሁለት የቀረውን ማኅበርተኛ የሚቀጡት እሳቸው ስለሆኑ፣ ሥራ ቦታም ሁላችንም አያ ሙሴ እያልን ነበር የምንጠራቸው።

በዚያ ሰሞን ኮንትራክተሩ ሕንፃውን የሚያስረክብበት ቀን ደርሶበት እንቅልፍ አጥቶ ነበር። የኅዳር ሚካኤል ዋዜማ ሰበሰበንና "የውጭ ሥራ መዶሻ አለው፣ ይሰማል። ልስን ግን ድምፅ የለውም። በሩን ዘግተን ውስጥ ውስጡን እንሥራ" አለን። እጥፍ እንደሚከፍልም ነገረን። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ ማለት ይኼኔ ነው። አያ ሙሴ አንገራገሩ። ነገር ግን የቤታቸው ጣሪያ ክረምቱን ሙሉ ሲያፈስ ከርሞ ነበርና በመጨረሻ እሺ አሉ። እሳቸው እሺ ካሉ እኛ ማን ነን!

ከዚያ ሁላችንም ውሸት ፍለጋ ገባን። እኔ ነጭ ቀሚሴን ለብሼ፣ ነጠላዬን አጣፍቼ፣ "ንግሥ መሄዴ ነው" ብዬ ከቤት ወጣሁ፤ የሥራ ልብሴ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። አያ ሙሴ ደግሞ ለማኅበራቸው እንፍራንዝ የምትኖር አንዲት አክስታቸው እንዳረፈችና ለቅሶ እንደሚሄዱ ተናገሩ። ሲሚንቶ የሚያቦኩልን ሁለት ሴቶችም የዚያው ማኅበር አባላት ነበሩ፤ እነሱም "ሙሴያችንን ብቻቸውን አንሰድም" ብለው አብረው ለቅሶ ሄዱ። እንግዲህ ታቦቱ ሲወጣ ጠዳ ላይ የቀረነው፣ አንድ የንግሥ ሰው፣ ሦስት ለቀስተኞችና አንድ ኮንትራክተር ነበርን።

ረፋዱ ላይ ታቦቱ በሕንፃው በር በኩል አለፈ። እልልታው ግድግዳውን አልፎ ገባ። ሁላችንም እጃችንን ሰበሰብን። እኔ ማንኪያዬን አስቀምጬ በመስኮቱ በኩል ልሳለም ዞር ስል፣ የቆምኩበት ጣውላ በምስማር አልተመታም ኖሮ ከነእኔ ተገለበጠ። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው ቁርጭምጭሚቴን ነው። ሌላ ነገር ሁሉ ጠፍቶ እሱ ብቻ ነበር ያለ።

አያ ሙሴ ከሁሉ ቀድመው ደረሱ። አጠገቤ ተንበርክከው፣ ለመጠጥ ካመጡት ጀሪካን ውኃ እያፈሰሱ እጄን ያጥቡ ጀመር። ለምን እጄን እንደሚያጥቡ ያኔ አልገባኝም። ሴቶቹ ነጭ ቀሚሴን ከላይ ደረቡልኝ፣ ነጠላዬን አለበሱኝ፣ ኮንትራክተሩም በመኪናው ጎንደር ሐኪም ቤት አደረሰኝ። እዚያ ሲጠየቅ "በንግሥ ግፊያ ወድቃ ነው" አለ። ሁሉም አመነው፤ ልብሴ መሰከረለት። እኔም ዝም አልኩ። ሕመሙ አንድ ነገር ነው፤ ወሬ ሰምታ የመጣችው እናቴ ግን ከበሩ ላይ ቆማ ነበር።

እግሬን በጀሶ አስረው ወደ ቤት ሰደዱኝ። ቆይቶ ሲታይ አጥንቱ ተጣሞ እየገጠመ ነበር። ሐኪሙ በግልጽ ነገረኝ፤ ቶሎ ተከፍቶ በብረት ካልታሰረ ዕድሜ ልኬን አነክሳለሁ። የምታነክስ ለሳኝ መወጣጫ ላይ አትወጣም። መወጣጫ ላይ የማትወጣ ለሳኝ ደግሞ እስከ ትከሻዋ ብቻ ነው የምትለስነው፤ ግድግዳ ደግሞ ትከሻ ላይ አያልቅም። ሕክምናው ከእናቴና ከእኔ አቅም በላይ ነበር።

እናቴ እውነቱን ከነገርኳት በኋላ ሳምንት ሙሉ አኮረፈችኝ። ስታናግረኝም "ሚካኤል ነው የቀጣሽ። ከማን ጋር ልትካሰሺ ነው?" አለች። እኔም ግማሽ በግማሽ አምኛት ነበር። ከአልጋ ያስነሳኝ ሕግ ማወቅ አይደለም፤ ንዴት ነው። ኮንትራክተሩ ስደውልለት አያነሳም ነበርና በጎረቤት ስልክ ደወልኩለት። ገና ድምፄን ሲሰማ "እኔ በኅዳር ሚካኤል ሥራ አላሠራም። ሃይማኖት ያለኝ ሰው ነኝ" አለኝ። ሃይማኖት ያለኝ ሰው! ክራንቼን አነሳሁና ባጃጅ አስቁሜ ሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ ሄድኩ።

ቢሮው ውስጥ ያገኘኋት ባለሙያ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ የምትሠራ ሴት ናት። ሁሉንም ነገርኳት፤ ውሸቴን ጭምር። የጽሑፍ ውል እንደሌለኝ፣ ጥፋቱም የኔ ሊሆን እንደሚችል፣ ልሳለም ብዬ መዞሬንም ጨመርኩ።

"ሰክረሽ ነበር?" አለችኝ።

"ኧረ በሚካኤል! እንዴት ብዬ?"

"ሆን ብለሽ ነው ራስሽን የጣልሽው?"

"እብድ እመስላለሁ?"

"እንግዲያው ጥፋት እያልሽ አትድከሚ። በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት አሠሪው ኃላፊ የሚሆነው አጥፍቶ ስለተገኘ አይደለም፤ ባያጠፋም ኃላፊ ነው። ውል በቃልም ይሆናል። ሕክምናሽን በሙሉ ይችላል፣ እስክትድኚ ደመወዝሽ እንደ ሕጉ ይከፈልሻል፣ እግርሽ ላይ የሚቀር ጉዳት ካለም ካሣ አለው። ሠራተኛ ሲከስ የዳኝነት አይከፍልም።"

"በበዓል ቀን መሥራቴስ?"

መነጽሯን አወረደችና አየችኝ። "ሚካኤልን የምትታረቂው ቤተ ክርስቲያን ነው። ሕጉ የሚጠይቅሽ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሥራ ላይ ነበርሽ ወይስ አልነበርሽም? ያየሽ ሰው አለ?"

አለ እንጂ! ከደስታዬ ብዛት በሩን ልስተው ምንም አልቀረኝም፤ በማግስቱ ጠዳ ወረድኩ።

አያ ሙሴ ቤት ስደርስ የተቀበሉኝ ባለቤታቸው ናቸው፤ ነጠላቸውን እንደ ሐዘንተኛ ዘቅዝቀዋል። ማን ሞተ ብዬ ደነገጥኩ። ሴትየዋ ወደ ውስጥ በአገጫቸው እያመለከቱ፣ "አክስቱ" አሉ፤ ጥርሳቸውን ነክሰው። ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው። ለካስ በሚካኤል ማግስት ማኅበርተኛው በሙሉ እራት ይዞ አያ ሙሴን ሊያጽናና መጥቶ ኖሯል። ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው አመሹ፤ ሴቶቹ አለቀሱ፤ ቄሱ ጸሎተ ፍትሐት አደረሱ። አያ ሙሴም አንገታቸውን ደፍተው "እግዜር ያጥናችሁ" ሲባሉ አሜን ሲሉ ሰነበቱ። ባለቤታቸውም ለማያውቋት፣ ላልተወለደች ሴት ነጠላ ዘቀዘቁ።

"መስክሩልኝ አያ ሙሴ" አልኳቸው። "እግሬ ነው። ሌላ ነገር አልፈልግም።"

መሬት መሬት እያዩ ራሳቸውን ነቀነቁ። "እንዴት ብዬ አንቺ ልጅ? ሰው ቤቴ ድረስ መጥቶ አልቅሶልኝ? ቄሱ ፈትተውልኝ? በወሩ አሥራ ሁለት የቀረውን የምቀጣ እኔ ነኝ። ከዚህ በኋላ ጠዳ ላይ በምን ዓይኔ ልሂድ?"

"እኔስ በምን እግሬ ልሂድ?" አልኳቸው። አፌ አያርፍም ብያለሁ። ሁለቱ ሴቶች ዘንድም ሄድኩ፤ ሙሴያችን ያሉትን ነው የምንል አሉ። በዚያ ቀን ወደ ጎንደር ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ አለቀስኩ፤ ሰውም በክራንቹ አሳቦ ወንበር ለቀቀልኝ።

ክሱ ተጀመረ። ኮንትራክተሩ በጠበቃው በኩል ያቀረበው መልስ እጥር ምጥን ያለ ነበር፤ በኅዳር ሚካኤል በጎንደር ምድር ልስን የሚለስን ሰው የለም፣ ከሳሽ የወደቀችው በንግሥ ግፊያ ነው፣ ሐኪም ቤቱም ያውቃል። ምስክር አድርጎ የጠራውም ማንን መሰላችሁ? አያ ሙሴን። ዋናው ለሳኝ በዕለቱ እንፍራንዝ ለቅሶ ላይ ከነበሩ ሕንፃው ውስጥ ማን ይለስናል? ለማጠናከሪያ ደግሞ ለቅሶ የደረሱ ሁለት የማኅበር ሽማግሌዎች ተጠርተው በር ላይ ወረፋ ይጠብቁ ነበር። ውሸታችንን አንድ በአንድ ለቅሞ ካብ ሠራብን።

አያ ሙሴ ሲገቡ አላዩኝም። ጋቢያቸውን አስተካክለው ቆሙ። እንዲምሉ ተጠየቁ፤ ማሉ። መሐላውን ሲጨርሱ ከንፈራቸው ቆሞ አልቀረም፤ ለራሳቸው የሆነ ነገር ይሉ ነበር። እኔ ጉልበቴን በሁለት እጄ ይዣለሁ። እግሬ ያለው እኒህ ሰው አፍ ውስጥ ነበር።

ጠበቃው በፈገግታ ጀመረ። "ኅዳር አሥራ ሁለት ቀን እንፍራንዝ፣ አክስትዎ ለቅሶ ላይ ነበሩ። ትክክል ነው?"

አያ ሙሴ ዓይናቸውን ኮንትራክተሩ ላይ ተከሉ።

"ምስክር፣ ይመልሱ" አሉ ዳኛው።

"እንፍራንዝ አልሄድኩም። ጠዳ ነበርሁ፤ ልስን ላይ።"

ጠበቃው ፈገግታውን የት እንደሚያኖረው ጠፋው። "ለቅሶውስ?"

"የሞተ ሰው የለም።"

ኮንትራክተሩ ወንበሩ ላይ ተቁነጠነጠ። ዳኛው ብዕራቸውን አስቀመጡና "ልጅቱ ሥራ ላይ እንደነበረች በምን ያውቃሉ? በዓይንዎ አይተዋል?" ብለው ጠየቁ።

አያ ሙሴ ያኔ ብቻ ወደ እኔ ዞሩ። "እጇን ያጠብሁት እኔ ነኝ። ሲሚንቶ ነበረው። ሰው እንዳያውቅብን ብዬ አጠብሁት። ከዚያ ወዲህ እጄን ስታጠብ ሁሉ ይታየኛል" አሉ። እኔ ደግሞ ችሎት መሆኑን ረስቼ ተንሰቀሰቅኩ፤ ዳኛውም አልተቆጡኝም።

ሁለቱ ሽማግሌዎች መግባት አላስፈለጋቸውም። ስንወጣ አያ ሙሴ ፊታቸው ቆመው ሁሉንም ነገሯቸው፤ አንዲት ቃል ሳያስቀሩ። እኔ በክራንቼ ተደግፌ ግድግዳ ተጠግቻለሁ። ከሽማግሌዎቹ በዕድሜ የሚበልጡት መቋሚያቸውን መሬት ላይ ቸከል ቸከል አደረጉና፣

"እኔ የምር ነው ያለቀስሁላት" አሉ።

"አውቃለሁ፤ ይቅር በሉኝ።"

"ምን ዓይነት ደግ ሰው ነበረች ይሆን ብዬ፣ አዝኜ።"

"ይቅር በሉኝ።"

"በል እንግዲህ፣ ያለቀስነው አልቅሰናል። ተዝካሯን ሳንበላ ግን አንቀርም።"

ሌላኛው ሽማግሌ በጋቢያቸው አፋቸውን ሸፈኑ፤ ትከሻቸው ግን ሲንቀጠቀጥ አየሁ።

በቀጣዩ ቀጠሮ ፍርዱ ተነበበ። ባለሙያዋ ቢሮዋ ውስጥ የነገረችኝ ሁሉ አንድ በአንድ መጣ። ሕክምናዬን እንዲችል፣ የተኛሁበትን ደመወዝ እንዲከፍል፣ የቀረ ጉዳት ካለም በሐኪም ተለክቶ እንዲካስ ተወሰነ። እግሬ ተከፈተ፣ በብረት ታሰረ። ሲበርድ ያመኛል፣ ያንን አልዋሽም። ግን ቀጥ ብሎ ይረግጣል። ሐኪሙ መወጣጫ ላይ እንድወጣ ሲፈቅድልኝ እናቴ "ሚካኤል ማረሽ" አለች፤ የቀጣኝም የማረኝም እሱ ሆነ እንግዲህ። አልተከራከርኳትም፤ እሷ ናት ማታ ማታ እግሬን ስታሽልኝ የከረመችው። አሁን ሌላ ሰው ዘንድ እሠራለሁ። ጣውላ ላይ ከመውጣቴ በፊት ምስማሩን በዓይኔ አያለሁ፤ አዲስ ሠራተኛም ስትመጣ ውል አለሽ ወይ እላታለሁ። አንዳንዱ ፎርማን ነገረኛ ይለኛል።

ሳይደግስ አይጣላም ይባላል። በዓመቱ ኅዳር ሚካኤል ሲመጣ የማኅበሩ ጽዋ በቅጣት አያ ሙሴ ቤት ሆነ፤ ስሙም የአክስትየዋ ሙት ዓመት ተባለ። ማኅበሩ ቅጣቱን ሲወስን አንድ ነገር ጨምሮበት ነበር፤ ለእንግዳው ሁሉ እጅ የሚያስታጥቡት ሙሴው ራሳቸው እንዲሆኑ። እኔም ተጠርቼ፣ ያንኑ ነጭ ቀሚስ ለብሼ፣ ከዋናው መንገድ እስከ ቤታቸው ያለውን ዳገት በእግሬ ወጣሁት። ክራንች የለ፣ ድጋፍ የለ። ባለቤታቸው ከደጅ ሆነው ስመጣ አዩኝና እልልታቸውን አቀለጡት፤ ነጠላቸው እንደ በዓል ልብስ ነበር የተለበሰው።

ቤቱ በሰው ሞልቷል። አዲሱ ቆርቆሮ ከላያችን ያብረቀርቃል። አያ ሙሴ ማስታጠቢያ ይዘው፣ ፎጣ ትከሻቸው ላይ ጥለው፣ ሽማግሌውንም ሕፃኑንም በየተራ ሲያስታጥቡ እኔ ጋ ደረሱ። እጄን ዘረጋሁ። ውኃውን ከማፍሰሳቸው በፊት መዳፌን ገልብጠው አዩት።

"ምነው አያ ሙሴ፣ ምን ይፈልጋሉ?" አልኳቸው።

"ሲሚንቶ" አሉ።

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እሳቸው ግን አልሳቁም፤ ቀስ ብለው፣ ጣት በጣት፣ ውኃውን አፈሰሱልኝ።