ገንዳው ሥር የቀረው ጨው

ማሪት ለዚያ ቤት ሙሽራ ሆና ስትገባ፣ አማቷ ወይዘሮ ቲትዬ ከመኝታ ቤቷ አስቀድመው ምድር ቤት አወረዷትና ፎርማጆው የሚነከርበትን የጨው ውሃ ገንዳ አሳዩዋት። «ይሄ አይደፋም» አሏት፤ ሌላ የምርቃት ቃል አልጨመሩም። በፍሪስላንድ ገጠር ፎርማጆ የሚሠራ ቤት የጨው ውሃውን እንደ ርስት ያወርሰዋል። ውሃው ይጣራል፣ ይፈላል፣ ፎርማጆው የጠጣበት ጨው ይተካለታል እንጂ አይለወጥም። እንግዳ ውሃ ውስጥ የገባ ፎርማጆ ቆዳው ይላላል ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው።

እሷ የከተማ ልጅ ነበረች፣ የመድኃኒት ቤት ባለቤት ልጅ። በወተት ሥራ ትምህርት ቤት ሳለች ከጓደኞቿ ሁሉ ይልቅ የመለኪያ ብርጭቆዎቿን ትወዳለች ብለው ይቀልዱባት ነበር። ወደ ገጠር ያመጣት ሪንክ ነው፣ የቤቱ የበኩር ልጅ፤ ሳቂታ፣ በበረዶ ላይ መንሸራተት የሚወድ። ልጅ ሳይወልዱ፣ አንድ ክረምት የቦዩ በረዶ ከእግሩ ሥር ተሰብሮ ሪንክን ውሃ በላው።

ከቀብሩ በኋላ ሂጂ ያላት የለም፤ ቆዪ ያላትም የለም። የያዛት ገንዳው ነው። የሪንክ አባት አዛውንቱ ኤልከ ትከሻቸው ከድቷቸዋል፤ ታናሽ ወንድሙ ጌርበን ደግሞ ከላሞቹ ጋር እንጂ ከጨው ጋር ፍቅር አልነበረውም። እስከ ጸደይ ልርዳቸው አለች። ጸደዩ መጣና እስከ መኸር ሆነ። እንዲህ እንዲህ እያለ ፀጉሯ ሸበተ። ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ ይባል የለ? ማሪት ለሰው ቤት ስትጣፍጥ ዕድሜዋ ሟሟ።

የሚገርመው በጨካኝ እጅ አለመውደቋ ነው። ቢጮሁባት ሻንጣዋን ታነሳ ነበር። ግን እሁድ እሁድ ትልቁን የሥጋ ቁራጭ የሚያወጡት ለእሷ ነው። ወይዘሮ ቲትዬ እንኳ በነገር ወጋ ቢያደርጓትም ብርድ ሲመታት አልጋዋን በሙቅ ውሃ ጠርሙስ ያሞቁላታል። እንዲህ ካለ ቤት በምን ምክንያት ይወጣል? ሌሊት ሌሊት ጣሪያው ደረቷ ላይ የወረደ እየመሰላት ትነቃለች፤ ጠዋት ወርዳ የጨው ውሃውን ታማስላለች።

አንድ ቀን የድሮ የትምህርት ቤት ጓደኛዋ ኢልሰ ደወለች። ኢልሰ በከተማው ትልቅ የወተት ፋብሪካ የምርመራ ክፍል ኃላፊ ሆናለች፤ አንድ ቦታ ተከፍቷል፣ ለአንድ ሳምንት መጥተሽ ሞክሪው፣ ስትመለሺ ዓርብ ዕለት መልስሽን ስጪኝ አለቻት። ማሪት ስልኩን የዘጋችው በደስታ ነው። ለቤተሰቡ በእራት ላይ ነገረቻቸው። ወይዘሮ ቲትዬ ድንቹን እየላጡ፣ ጌርበን ያን ሳምንት ውሃውን በወጉ ከጠበቀ ማን ያስርሻል፣ ትሄጃለሽ አሉ። ኤልከ በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

እንግዲህ ጌርበንን ማስተማር ግድ ሆነ። ምድር ቤት አወረደችውና የጨው መለኪያውን ብርጭቆ ውሃው ላይ አንሳፈፈች፤ ውሃው በጨው በወፈረ ቁጥር ብርጭቆው ከፍ ብሎ ይቆማል።

«ከመቶ ኪሎ የጨው ውሃ ጨው የሆነው አሥራ ሁለት ኪሎ ነው እንበል» አለችው። «ከመቶው ሃያው ጨው እንዲሆን እንፈልጋለን። ስንት ትጨምራለህ?»

«ስምንት ነዋ። ይሄንንማ ላሞቼም ያውቁታል።»

«ላሞችህ ተሳስተዋል። ስምንት ስትጨምር ጠቅላላውም ከመቶ አልፎ መቶ ስምንት ይሆናል። ሃያህ ከመቶ ስምንት ውስጥ ነው እንጂ ከመቶ አይደለም። ውሃውን ያዝ፤ እሱ አይጨምርም። ስንት ነው?»

ጌርበን ቆቡን ወደ ኋላ ገፋ አደረገ። ውሃው ሰማንያ ስምንት ነው፤ ሰማንያ ስምንቱ ከመቶ እጅ ሰማንያው እንዲሆን ጠቅላላው መቶ አሥር መሆን አለበት፤ ስለዚህ የሚጨመረው አሥር ነው። እዚህ እስኪደርስ ላብ ላብ አለው። ሲደርስ ግን እንደ ልጅ ሳቀ፣ እሷም አብራው ሳቀች። ጨርሶ እስኪሟሟ አማስለው፣ አለዚያ ጨው ሥሩ ይተኛል ብላ ማማሰያውን አስጨበጠችውና በማግስቱ ሄደች።

የከተማው ሳምንት እንደ ዓይን ጥቅሻ አለፈ። ነጭ ካፖርት ለብሳ መስኮት ያለው ክፍል ውስጥ ተቀመጠች። ሥራው በእጇ ልክ የተሰፋ ነበር። ማታ ማታ በእግሯ ትዞራለች፤ የት ነበርሽ የሚላት የለም።

ስትመለስ ገና ከደረጃው አፍ ሽታው ተቀበላት። ፎርማጆዎቹ ቆዳቸው ላልቷል፤ ጣት ሲነካቸው ያሟልጫሉ። ወይዘሮ ቲትዬ «አንድ ሳምንት ብቻ ነው የሄድሽው» አሉ፣ ሳይቆጡ፤ ያለመቆጣታቸው ነው የከፋው። ማሪት ብርጭቆውን አንሳፈፈች። ዝቅ ብሎ ቆመ፤ የላዩ ውሃ ከመቶ እጅ አሥራ ሁለቱ ብቻ ጨው ነው። ያም ሆኖ ገንዳው ሥር ጨው ተከምሯል።

ማማሰያውን አንስታ ክንዷ እስኪዝል ማሰለች። ክምሩ ቀስ በቀስ ሟሟ። እንደገና ለካች፤ ሃያ። አንዲት ቁንጥር እንኳ አልጨመረችም። እንግዲህ ጌርበን ሒሳቡን አልሳተም፤ ያስገባው ጨው ልክ እሷ ያስተማረችውን ያህል ነበር።

በረት ሄዳ ያዘችው። ሒሳቡን እንዲህ አሳምሮ ሠርቶ ለምን እንዳላማሰለ ጠየቀችው። ጌርበን የላሟን ጀርባ ማሸት አላቆመም።

«አባባ ማማሰያውን ከእጄ ተቀበሉኝ» አላት። «ገንዳው ሥር ጨው ካየህ ውሃው ጠግቧል፣ ተወው አሉኝ።»

«ለምን ቅድም አልተናገርክም?»

«በአባቴ ላይ ላሳብቅ?»

ማሪት ግድግዳውን ተደገፈች። ገንዳ ሥር የቀረ ጨው ለላዩ ውሃ ምንም እንደማይፈይድ ያስተማሯት ኤልከ ራሳቸው ናቸው፤ ስኳሩ ሥሩ እያለ ላዩ ሬት የሆነ ሻይ አቅምሰዋት። ዕድሜ ልካቸውን ያንን ገንዳ ያማሰሉ ሰው ይህንን ሊዘነጉ አይችሉም።

ምድር ቤት ስትወርድ ሽማግሌው ፎርማጆዎቹን አንድ በአንድ በጨርቅ እየወለወሉ ነበር።

«አባባ፣ ማማሰያውን የወሰዱበት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ።»

ዓይናቸውን በጨው አጥበው ቢክዷት በመረጠች። ለቁጣ የሚሆን ነገር ታገኝ ነበር።

«እንደሚበላሽ እያወቁ?»

«እያወቅሁ። የገዛ እጄ ሥራ ነው ያበላሸሁት» አሉ። ጨርቁን አጠፉት፣ መልሰው ዘረጉት። «ላይ ቤት ስሙ አይነሳም። ቲትዬ ፎቶውን እንኳ ከግድግዳ አውርዳለች። ሪንክ የምለው እዚህ ታች ነው፣ የምለውም ላንቺ ነው። አንቺ ስትሄጂ ለማን ልበል?»

ማሪት እንባዋ መጣ፤ ከእንባው ጋር ንዴቷም መጣ።

«የሞተው ሪንክ ነው አባባ» አለች። «እኔ አልሞትኩም።»

አዛውንቱ ጨርቁን ገንዳው ጠርዝ ላይ አኖሩ።

«ልክ ነሽ፣ ልጄ» አሉ። «ሂጂ። ጌርበን ይችለዋል። ለቲትዬም ያደረግሁትን እኔው እነግራታለሁ።» ከዚያ ወደ ፎርማጆዎቹ ዞሩ።

እነሆ በሩ ተከፈተ። ማሪት ደረጃውን ወጣች። ቀኑ ዓርብ ነበር፤ ስልኩ መተላለፊያው ላይ ነው። እሺ የሚለው ቃል አፏ ውስጥ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ደረጃ በደረጃ ይዛው መጣች። ቁጥሩን ስታዞር ግን ያ የከተማ ሳምንት ትዝ አላት። ሳምንቱን ሙሉ ሪንክ የሚለው ስም ከማንም አፍ አልወጣም ነበር፣ ከእሷም። ለካ እሷም ይህን ስም የምትጠራለት ከኤልከ ሌላ ሰው የላትም።

«ታዲያስ» አለች ኢልሰ። «መቼ ነው የምትመጪልኝ?»

ማሪት ማዳመጫውን በሁለት እጇ ያዘች።

«አልችልም ኢልሰ» አለች። «የጨው ውሃው ያለ እኔ አይሆንም።»

ይህንን ነገር ለዓመታት ለሰው ሁሉ ስትናገር እውነት ይመስላት ነበር። ዛሬ ውሸት መሆኑን እያወቀች አለችው፤ ኢልሰም አመነቻት።