በቀን የምተኛባት ክፍል

ሐይቅ ከተማ በአዋላጅ ነርስነት በተቀጠርኩ በሁለተኛው ዓመት የሌሊቱ ተራ በአብዛኛው እኔ ላይ ወደቀ። ባልም ልጅም ስላልነበረኝ ይከብዳታል ብሎ ያሰበ የለም። እኔም አልተናገርኩም።

የተከራየኋት ክፍል ከደሴ ወልዲያ አስፋልት ዳር ነበረች። ጠዋት ልተኛ ስገባ የታክሲ ረዳቶቹ "ወልዲያ፣ ወልዲያ" እያሉ ይጣራሉ፣ ፀሐይዋም በበሩ ስንጥቅ ገብታ ዓይኔ ላይ ታርፋለች። አንድ ሰዓት እንኳ ሳልተኛ እነቃና ስልኬን እየነካካሁ እስከ ቀትር እገላበጣለሁ። ጎረቤት ለሠርግ ሲጠራኝ ተኝታለች ይባላል፤ ለቅሶም ሲሆን እንዲሁ። በኋላ መጥራቱንም ተዉት። አምባሰል ገጠር ያለችው እናቴ እንኳ ስትደውል "ቀሰቀስኩሽ?" ትልና ቶሎ ትዘጋለች።

አንድ ጠዋት ባጃጅ ውስጥ እንቅልፍ ጣለኝ። ሹፌሩ ሊቀሰቅሰኝ አልደፈረም፤ ሌላ ሰው እየጫነ ሁለት ጊዜ ደርሶ መልስ ካዞረኝ በኋላ ደጃችን አቆመ። አከራዬ ደግፈው አወረዱኝ። ባላቸው የሞተባቸው እህል ነጋዴ ነበሩ።

"ልጄ፣ እንዲህ ሆነሽ ነው ሴት የምታዋልጅ?" አሉኝ።

"ቀን እንቅልፍ እምቢ አለኝ፣ እማማ።"

"አብሽሪ፣ ኢንሻአላህ እናበጀዋለን።"

ያን ዕለት ከጓሮ በኩል ያለውን የእህል ክፍል ግማሹን ባዶ አድርገው አልጋዬን አስገቡልኝ። መስኮቱ ላይ ጆንያና ጥቁር ጨርቅ ደርበው ቸነከሩ። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ቡና እንዳልቀምስ አስጠነቀቁኝ። ጠዋት ስገባ ስልኬን ይቀበሉኛል፤ ከአስር ሶላት በኋላ፣ ወደ አሥር ሰዓት ላይ፣ በሩን ቆርቁረው ከምሳዬ ጋር ይመልሱልኛል። እረፍቴ በሆነ ቀንም ሰዓቱን እንዳዛባ አይፈቅዱም። በወሩ እንቅልፍ በማጣት የያዘኝ ራስ ምታት ለቀቀኝ።

ከዚያ ከሰሜን የመጣው ጦርነት ቀረበ። ከወልዲያ በኩል ሰው በእግሩ ይጎርፍ ጀመር፤ ባልደረቦቼም አንድ በአንድ ሄዱ። ሁለት ሌሊትና አንድ ቀን ሳላርፍ ሠርቼ ገባሁ፤ ስልኬን ሰጥቻቸው ተኛሁ።

የነቃሁት በራሴ ነው። ረዳት አይጣራም፣ መኪና አያልፍም። ስወጣ መሽቷል፤ ግቢው ባዶ ነው። መሄድ ያልቻሉት የጎረቤት ሽማግሌ ደጃቸው ተቀምጠው ነበር።

"ሰዉ ሲሸሽ አከራይሽ በርሽን ደበደቡ፣ ደበደቡ፣ አልሰማሽም" አሉኝ። "በውስጥ ቀርቅረሽዋል። የጫናቸው መኪና አልጠብቅም ቢል እያለቀሱ ሄዱ። ይኼን ስጧት ብለዋል።"

ስልኬ ነበር። እናቴ አሥራ አንድ ጊዜ ደውላለች። መልሼ ብደውል ኔትወርኩ ጠፍቷል። እዚያው ደጁ ላይ ተቀመጥኩ። በዚያ ከተማ እንደዚያን ቀን ጠልቄ ተኝቼ አላውቅም፤ ዛሬም ሳስበው ያሳፍረኛል።

መንገዱ ተዘግቶ በቆየበት ጊዜ ሁሉ ከሽማግሌው ጋር ቀረሁ። ምጥ የያዛቸው ሴቶች እቤት ድረስ እየመጡ ሦስት ልጆች አዋለድኩ። የምተኛው ልብሴን ሳላወልቅ፣ በተቀመጥኩበት ነበር።

መንገዱ ሲከፈት አከራዬ ከኮምቦልቻ ተመለሱ። ከስተዋል። ባዶ የቀረውን የእህል ክፍል አይተው አለፉት። እኔን ግን አቅፈው ለረጅም ጊዜ አልለቀቁኝም።

"ጥዬሽ ሄድኩ። አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ" አሉ።

"የቀረቀርኩት እኔ ነኝ፣ እማማ።"

አዳዲስ ባልደረቦች ሲመጡ የቀን ተራ ደረሰኝ። ሌሊት መተኛት ስጀምር ግን እሳቸው እንደማይተኙ አወቅሁ። ግቢው ውስጥ ወዲያ ወዲህ ሲሉ፣ ቆም ብለው አስፋልቱን ሲያዳምጡ እሰማለሁ። አንዳንዴ ነጠላዬን ደርቤ እወጣና አጠገባቸው እቀመጣለሁ። የንጋቱ የሱብሂ አዛን ሲሰማ እሳቸው ለሶላት ይነሳሉ፤ እኔ ወደ አልጋዬ እመለሳለሁ።