ሐጃው ያልተነገረ ዱዓ

ባለፈው ሳምንት ሐይቅ ከተማ፣ ውሃው ዳር ካለች ምግብ ቤት፣ ከአንዲት ሰልጣኜ ጋር የተጠበሰ ዓሣ እየበላን ነበር። ልጅቷ እሾህ ስትለቅም ቆይታ፣ «ታካሚዬ የነገረችኝን ቤተሰቧ ‹ካልነገርሽን› ብሎ አፋጥጦ ቢይዘኝስ?» አለችኝ። መልሱን ከመጽሐፍ ልሰጣት አልሁና ተውሁት። አርዲቦ ትዝ አለኝ።

ያኔ እኔም ሰልጣኝ ነበርሁ፤ ደሴ ያደግሁ፣ ማተብ ያሰርሁ የከተማ ልጅ። የሥነ ልቦና ምክር ተምረን ለልምምድ ስንበተን ለእኔ የደረሱኝ በአርዲቦ ሐይቅ ዙሪያ ያሉ መንደሮች ናቸው። ከዐረብ አገር የተመለሱ ልጆች ሞልተውበታል፤ የሰውነት ሐኪም እንኳ በቅጡ በማይደርስበት አገር ስለ ልብ ጭንቀት የሚጠይቅ ማን አይቶ! አሰልጣኛችን ሲያሰናብቱን፣ «የሰማችሁት ከእናንተ ጋር ይቀበር፤ ለእናት እንኳ አይነገርም» አሉን። ቀላል መስሎኝ ነበር።

ባጃጁ መንገዱ መጨረሻ ላይ ያወርደኝና የቀረውን በእግሬ እሄዳለሁ። መስከረም ስለነበር ጭቃው ገና አልደረቀም፤ በየደጁ «ኧረ ቅመሽ!» እየተባልሁ የበቆሎ እሸት እየጋጥሁ ነበር የምደርሰው። በዚያ ወር ከዕውቀቴ ይልቅ ጉንጬ ሳይሞላ አልቀረም።

ታካሚዬን ሰዓዳ ልበላት፤ ስሟን ቀይሬዋለሁ፣ የእናቷንም። ከጂዳ ከተመለሰች ወዲህ ከሰው አትቀላቀልም፤ የቀረበላትን እህል ትገፋዋለች። ለሳምንታት አጠገቧ ዝም ብዬ እየተቀመጥሁ ተመለስሁ። አንድ ቀን ጓሮ ጎመን ስንቀነጥስ፣ እዚያ የደረሰባትን ሁሉ ነገረችኝ። ስትጨርስ እጄን ጨምቃ ያዘችው።

«ይህን እናቴ ከሰማች፣ ወላሂ፣ ተመልሼ እሄዳለሁ። ዳግም አታዩኝም።»

በዚያው ሳምንት እናቷ እትዬ ከድጃ ለልጃቸው ወዳጃ ጠሩ። ወዳጃ ጎረቤት ተሰብስቦ ዱዓ የሚያደርግበት ነው፤ የጨነቀው ሰው ሐጃውን፣ የልቡን ጉዳይ ይናገራል፣ ታላላቆች ይመርቃሉ፣ ቤቱ «አሚን» ይላል። እኔም ተጠርቼ ከሰዓት፣ ከአስር ሶላት በኋላ ደረስሁ። አደስ ተጎዝጉዞ ቤቱ በመዓዛው ታውዷል፤ ጫቱ ቀርቧል፤ ክርስቲያን ጎረቤቶችም አሉ። ሰዓዳ ሻሿን እስከ ዓይኗ ስባ ጥግ ይዛለች።

መራቂዋ እመት ሐዋ የሚባሉ አሮጊት ነበሩ። ሐጃዋን ሲጠይቋት ሰዓዳ አቀረቀረች። እትዬ ከድጃ አላስቻላቸውም፤ ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ ላንች ነግራሻለች፤ አውቃለሁ። ሐጃዋ ካልታወቀ ዱዓው በምን ይደረጋል? አንች ተናገሪላት።»

ክፋት የለባቸውም፤ እናት ናቸው፣ ልጃቸው እንድትድንላቸው ነው። ሰዓዳ እግሯን ሰበሰበች፤ ልትነሣ ነው። ብናገር እናጣታለን። እምቢ ብል ደግሞ በዱዓ መካከል ታላላቆችን ያሳፈርሁ ባለጌ እሆናለሁ፤ ዳግም ማን ያስገባኛል? የተማርሁት ሁሉ ጠፋብኝ። «የሙያ ምስጢር» ብል እዚያ ቤት ማን ይሰማኛል?

«እትዬ፣ የነገረችኝ አማና ነው» አልሁ፤ አደራን በእነሱው ቃል።

እመት ሐዋ ቀና ብለው አዩኝ። ማተቤንም ያዩት መሰለኝ።

«አማና ከሆነማ አይከፈትም» አሉ። «ከድጃ፣ አብሽሪ። እኛ ባናውቀውስ፣ አላህ አያውቀውም? ያ ረቢ፣ ሐጃዋን ሙላላት!»

«አሚን!»

ቤት ሙሉ ሰው ለማያውቀው ጉዳይ አሚን አለ። እኔም ከነማተቤ አሚን አልሁ። ሰዓዳ ሻሿን አፏ ላይ ይዛ ስታለቅስ ሰማኋት፤ ግን አልተነሣችም።

ከዓመታት በኋላ እትዬ ከድጃን ውጫሌ ገበያ አገኘኋቸው። ሰዓዳ በራሷ ጊዜ ነግራቸዋለች። «ያኔ ብሰማው አልችለውም ነበር፤ ከቤት አስወጣት ነበር» አሉኝ፤ ከዚያ ጉንጬን ደጋግመው ሳሙኝ።

ይህን ለሰልጣኜ አውርቼ ስጨርስ ዓሣው ቀዝቅዟል። አሰልጣኜን ሁልጊዜ አመሰግናቸዋለሁ፤ ሕጉን የሰጡኝ እሳቸው ናቸው። ያን ቀን ሕጉን ያስጠበቀልኝ ግን ያ ቤት ነው። ብቻዬን ብሆን እሰበር ነበር። በዚህ ሥራ ብቻዬን ነኝ ብዬ የማላውቀውም ለዚህ ነው፤ ውለታቸውን ፈጣሪ ይክፈልልኝ።

ልጅቷ እጇን ታጥባ መጣችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ግን ሰዓዳ ምን ነበር የነገረችዎት?» አለችኝ።

ቀና ብዬ አየኋት። የጠየቀችው ነገር ገብቷት ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና ሳቀች።