የዘጋነው ተራራና የባለቤቴ ቁጠባ

ሰው ማመስገን አይሆንልኝም። ከወሎ መጥቼ መቀሌ ድንጋይ ስጠርብ አረጀሁ፤ በዚህ ሁሉ ዘመን ምስጋና የሚገባው ብዙ ሰው አላየሁም። ባለቤቴ ግን ይገባታል።

የሰፈራችን የቁጠባና ብድር ማኅበር አባል ነበረች። ከጉሊት ሽያጯ እየቀነሰች ዓመታት ቆጥባ፣ የብድር ተራዋ ሊደርስ ነበር። አንዲት ክፍል ሠርተን ከኪራይ ልንወጣ ነው። እኔ ድንጋዩን ጠርቤ አከራያችን ግቢ መከመር ጀምሬያለሁ።

አንድ ቀን በማኅበሩ ስብሰባ ላይ ሰብሳቢው ከእርሷ ቀድሞ የሚበደረውን ሰው አስታወቀ፤ የጭነት መኪና የሚገዛ የከሰል ነጋዴ። ከሰሉ ከየት እንደሚመጣ የማያውቅ አልነበረም። የከተማው የውኃ ጉድጓድ ካለበት ከዓይናለም በላይ፣ ከብት እንዳይገባበት ዛፍም እንዳይቆረጥበት ከዘጋነው ተራራ ነው። በየበጋው ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ ያለ ክፍያ እርከን የሚሠራበት ተራራ! ያ ድንጋይ ሲሸከም የከረመ ሕዝብ ተቀምጦ አጨበጨበ።

እርሷ ተቃውማ ተነሳች። ሰብሳቢው ነጋዴው ጥሩ ወለድ እንደሚከፍል፣ ትርፉም የሁላችን እንደሆነ አስረዳት።

«አቦይ» አለችው፣ በዕድሜ አባቷ ይሆናል፤ «ብሬ እዚህ የተኛ ይመስለኝ ነበር። ለካ መጥረቢያ ይዞ ተራራ ይወጣል። ዛፉ ካለቀ ዝናቡ ጎርፍ ሆኖ ያልፋል፤ የዓይናለም ጉድጓድ ከየት ሊሞላ ነው?»

«ሓፍተይ፣ እህቴ፣ አንቺስ በምንድን ነው የምታበስዪው?» አላት። ሰው ሳቀ።

«በከሰል ነው፣ አልዋሽም። ተራራ የሚያራቁት መኪና ግን አልገዛም። ብሬን መልሱልኝ።»

አባልነቱን የተወ ተራውንም ያጣል። ይህን አሳምራ ታውቃለች። እኔ ከኋላ ተቀምጬ ስለ ድንጋዬ አሰብኩ።

ብሯን ዓይደር አካባቢ ላለ ሌላ ማኅበር ሰጠች፤ ለንብ ቀፎና ለችግኝ የሚያበድር። ወረፋውን ከጅራቱ ጀመረች። ስለ አየር ንብረት በሬዲዮ ሲወራ ፋብሪካው ይወቀሳል፣ መንግሥት ይወቀሳል፤ የሰፈር ቁጠባ ምን ላይ እንደሚውል የሚያነሳ ግን ሰምቼ አላውቅም። እርሷ ከማንም ሳትማር አየችው።

በኋላ እኔ ጎልማሶች ትምህርት ገብቼ ፊደል ስለይ፣ መጀመሪያ ያነበብኩላት የአዲሱን ማኅበር ደንብ ነው። ብሩ ምን ላይ እንደሚውል የሚለውን ደግሜ እንዳነብላት አዘዘችኝ።

የጠረብኩት ድንጋይ ግቢው ጥግ ስንት ክረምት ዘነበበት። ቤቱ ዘግይቶ ተሠራ። ነጋዴውም መኪናውን ገዛ፤ ያንን አልደብቅም። በእርሷ ብር ግን አልገዛም።