ደጀን የደረሰው ደብዳቤ

ባለፈው ሳምንት በማኅበራችን ቢሮ ስብሰባ ነበረን። የቦርድ አባል ከሆንኩ ቆይቻለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ ከኋላ ተቀምጬ ማዳመጥ ነው ሥራዬ። የዕለቱ አጀንዳ የአባላትንና የለጋሾችን መረጃ የምንይዝበት አዲስ ሶፍትዌር መምረጥ ነበር። ናሆም የሚባለው ወጣት ባለሙያችን ሦስት አማራጮችን ግድግዳው ላይ እያበራ አሳየን። ጎበዝ ልጅ ነው፤ ሲያስረዳ አይቸኩልም። ሁለተኛው ላይ ሲደርስ አንዲት አረንጓዴ ቁልፍ ጠቆመንና፣ «ይቺን አንዴ መንካት ነው፤ መልእክቱ ለሁሉም ይደርሳል» አለ። ሰዎቹ በአድናቆት ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ ግን እንዲህ ያለ ቁልፍ ከዚህ በፊት ነክቻለሁ።

ነገሩ የሆነው የሚሊኒየሙ በዓል ሊከበር ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት ነው። በኮምፒውተር ትምህርት ዲፕሎማ የያዝኩ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ደብረ ማርቆስ ላይ የኤች አይ ቪ ቫይረስ በደማቸው የሚገኝ ሰዎች ያቋቋሙት ይኸው ማኅበር ቀጠረኝ። ዛሬ ይህን ማለት ቀላል ነው። ያን ጊዜ መድኃኒቱ ለእኛ ገና ወሬ ብቻ ነበር። አንድ ሰው በሽታው እንዳለበት ከታወቀ ጎረቤት ከሱ ጋር እሳት አይጫጫርም፤ አከራይም ሰበብ ፈልጎ ቤቱን ያስለቅቀዋል። እናቴ እንኳ ሥራ መያዜን ለዘመድ ስታወራ የማኅበሩን ስም አትጠራም፤ «ቢሮ ገብታለች» ብላ ታልፈዋለች።

መዝገቡን የሚይዙት መሪጌታ ይባቤ ነበሩ። ዲማ ቅኔ ተምረው ሲያስተምሩ የኖሩ፣ ሴት ልጃቸውን በዚሁ በሽታ ከቀበሩ በኋላ ማስተማሩን ትተው ወደ ማኅበሩ የመጡ ሰው ናቸው። ሁለት መዝገብ ነበራቸው። የደጋፊዎቹ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ይውላል። የሕሙማኑ ግን ሣጥን ውስጥ ይቆለፍበታል፤ በዚያ ላይ ሰዎቹ የተጻፉት በክርስትና ስማቸው ነው። ወለተ ማርያም፣ ኃይለ ጊዮርጊስ፣ አመተ ሥላሴ እያለ ይሄዳል። መዝገቡ በሌላ ሰው እጅ ቢወድቅ እንኳ የትኛዋ ወለተ ማርያም የት ቤት እንደምትኖር የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው። ለሕሙማኑ ደብዳቤ ጽፈውም አያውቁም። የሚነገር ነገር ካለ በእግራቸው ሄደው ይነግሯቸዋል።

እኔ ይህን ሁሉ እንደ ኋላቀርነት ነበር የማየው። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ያን ሣጥን ባየሁ ቁጥር ያስቀኝ ነበር።

የሚረዳን የውጭ ድርጅት መረጃችን በኮምፒውተር እንዲያዝ ጠየቀና ምርጫው ለእኔ ተተወ። አንደኛው አማራጭ ኮሌጅ ያስተማረኝ መምህር ሊሠራልን ያቀረበው ተራ ሠንጠረዥ ነበር፤ ሲያዩት ያሳዝናል። ሁለተኛው ከአዲስ አበባ በሲዲ የመጣ፣ ለአንድ ወር በሙከራ የተሰጠን ሶፍትዌር ነው። ሲከፈት ሰማያዊ መስኮት ያወጣል፤ የሰዎችን ስም ደብዳቤ ላይ ራሱ ይሞላል፣ ፖስታው ላይ አድራሻ ያትማል። ገና ሳየው ወደድኩት።

መሪጌታ አንድ ቀን አጠገቤ ወንበር ስበው ሲያዩኝ ቆዩና ጠየቁኝ።

«ልጄ፣ ይህ ነገር ምስጢር ያውቃል?»

«የይለፍ ቃል አለው መሪጌታ።»

«እሱማ የሣጥኑ ቁልፍ ማለት ነው። እኔ የጠየቅሁሽ ከተከፈተ በኋላ ዝም ማለት ያውቅ እንደሆን ነው።»

ሳቅሁባቸው። እሳቸውም አብረውኝ ትንሽ ፈገግ አሉ።

ሶፍትዌሩ ስም ከነአባትና ከነአያት፣ ቀበሌና አድራሻ ካልተሞላለት ወደሚቀጥለው ገጽ አያልፍም ነበር። የክርስትና ስም አልበቃውም። መሪጌታ የዓለሙን ስም አልሰጥም አሉ። ለሰብሳቢያችን ነገርኩ፤ ሰብሳቢው እንዲሰጡ ጠየቋቸው። ሁለት ቀን ሙሉ በሩን ዘግተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አንድ በአንድ ነገሩኝና ጻፍኩ። ደጋፊውም ሕመምተኛውም በአንድ ዝርዝር ገባ፤ ሶፍትዌሩ ሁሉንም «አባል» ነው የሚላቸው። ማን ደጋፊ፣ ማን ተረጂ እንደሆነ የምትለይ አንዲት ትንሽ ሣጥን ነበረችው። እሷን በኋላ እሞላታለሁ ብዬ ተውኳት።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ መሪጌታ የታመሙ መምህራቸውን ሊጠይቁ ወደ ዲማ ሄዱ። የሙከራው ወር ሊያልቅ ነው፤ እኔ ደግሞ ሶፍትዌሩ የሚችለውን ለቦርዱ ማሳየት አማረኝ። ለደጋፊዎቻችን የአዲስ ዓመት የምስጋና ደብዳቤ ማዘጋጀት ያዝኩ። «ለማን?» ብሎ ሲጠይቀኝ «ለሁሉም» የሚለውን ነካሁ። ማተሚያው እየጮኸ ወረቀቱን ይተፋል፣ እኔ አጥፋለሁ፣ ፖስታ ውስጥ እከታለሁ። የማኅበሩ ስም ፖስታው ራስጌ ላይ በደማቁ ታትሟል። ስሞቹን ግን አላነበብኳቸውም፤ ማሽኑ ያነበበልኝ ያህል ነበር የተማመንኩት። በማግሥቱ ፖስታ ቤት አስረከብኩና እየዘፈንኩ ተመለስኩ።

መሪጌታ ከሁለት ቀን በኋላ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ለብሰው መጡ። በነጠላቸው የበቆሎ እሸት ቋጥረው አምጥተውልኛል። እኔም በኩራት የታተመውን ዝርዝር ዘረጋሁላቸው። ጣታቸውን በስሞቹ ላይ ቀስ እያደረጉ ወረዱና አንዱ ላይ ቆሙ።

«ዝናሽ ደጋፊያችን ናት እንዴ ልጄ?»

ያቺ ባዶ የተውኳት ትንሽ ሣጥን ትዝ አለችኝ። እሳቸው ግን አልጠበቁኝም፤ ነጠላቸውን አንስተው ወጡ። በዝናቡ ውስጥ እየሮጥኩ ተከተልኳቸው። ያኔ ስልሳ ዓመት ያለፋቸው ሰው ነበሩ፤ ልደርስባቸው አልቻልኩም።

የፖስታ ቤቱ ሠራተኛ አንዴ የተረከበውን ደብዳቤ መመለስ ደንቡ እንደማይፈቅድ ነገረን። መሪጌታ አልተከራከሩትም፤ ቆመው ብቻ ተመለከቱት። ሰውየው ፊታቸውን አይቶ ጆንያውን ወለሉ ላይ ዘረገፈልን። ተንበርክከን አንድ በአንድ ለቀምን። የሕሙማኑ ደብዳቤ ሁሉ ሲገኝ የደጀኑ፣ የዝናሽ ብቻ ጠፋ፤ ወደ አባይ የሚወርደው አውቶብስ ትናንት ጠዋት ይዞት ሄዷል።

«አንድ ብቻ ነው» አልኩ፣ እፎይ ብዬ።

«አንድ ሰው ነው» አሉኝ።

በማግሥቱ ወደ ደጀን አብረን ሄድን። ሜዳው ሁሉ ጉም ለብሶ ነበር። ሉማሜ ላይ ሴቶች የተጠበሰ በቆሎ በመስኮት አቀበሉን፤ መሪጌታ አንድ ገዝተው ግማሹን ሰጡኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። እስከ የትኖራ ከተማ ድረስ ሲቆጡኝ ምን እንደምመልስ ስዘጋጅ ነበር፤ እሳቸው ግን ዝናቡ ለጤፉ ደግ እንደሆነ ብቻ አጫወቱኝ።

ዝናሽ ደጀን ላይ ከባድ መኪናዎች በሚቆሙበት መንገድ ዳር ምግብ ቤት ነበራት። ሽሮዋን የቀመሰ ሾፌር ሌላ ቤት አይገባም ይባልላታል። የደረስነው በምሳ ሰዓት ነው። መኪናዎቹ ተደርድረዋል፤ ጎረቤቷ ያለው ቤት በሰው ተሞልቷል። የእሷ ወንበሮች ግን ባዷቸውን ናቸው። ምድጃው ላይ ድስቱ ይንተከተካል።

መሪጌታን ስታይ ብድግ ብላ እጅ ነሳች። ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው፤ ጸጉሯን በሻሽ ጥብቅ አድርጋ አስራለች።

«ደብዳቤውን የላክሁት እኔ ነኝ» አልኳት። «በስህተት ነው። ይቅርታ ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት።»

«ምን ይላል?» አለችኝ። «እኔ አላነበብሁትም። ቀበሌ ጠረጴዛ ላይ ውሎ ሌላው ሰው ካነበበው በኋላ ነው የሰማሁ።»

«ያመሰግናል። ስለ ድጋፍዎ።»

«አመሰገናችሁኝ» አለች። በድምፅዋ ውስጥ ቁጣ ፈልጌ አጣሁ። ከዚያ ወደ ምድጃው ዞረች። «ተቀመጡ። ከጠዋት ጀምሮ የሚበላው ሰው አጥቷል።»

መሪጌታ እጃቸውን ታጥበው ቀረቡ። እኔም ተቀመጥኩ። በር ላይ ሰዎች እየቆሙ ሦስታችን ከአንድ ትሪ ስንበላ ይመለከቱናል። በዚያ ቤት ውስጥ ከመብላት ሌላ ላደርግላት የምችለው ነገር አልነበረኝም። ትሪው ባዶ እስኪሆን በላሁ።

ወር ሳይሞላ ቤቱን ዘጋች። መሪጌታ ደብረ ማርቆስ ላይ ዘመዳቸው ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል ፈለጉላት። እኔ የሥራ መልቀቂያ ጽፌ ለሰብሳቢው ሰጠሁ። ሰብሳቢው ከመፈረማቸው በፊት ዝናሽን አስጠርተው ምን እንደምትል ጠየቋት። እኔም እዚያው ቆሜ ነበር።

«ሄዳ ሌላ የማታውቅ ልጅ ልትመጣ?» አለች። «ይቺስ አሁን አውቃለች።»

ሶፍትዌሩ በድጋሚ ሲመረጥ ዝናሽ አብራን ተቀመጠች። መምህሬ ያን ተራ ሠንጠረዡን ሲያሳየን የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ስሜን ሳልነግረው ይሠራል?» መምህሩ ትንሽ አሰበና እንደሚሠራ ነገራት። ደጋፊዎቹ ለብቻቸው፣ ሕሙማኑ ደግሞ በቁጥር ብቻ ለብቻቸው እንዲቀመጡ አደረገው። ስማቸው መሪጌታ ዘንድ ቀረ። ሲዲውን ለላከው መለስንለት።

ከዚያ በኋላ መድኃኒቱ ሆስፒታላችን ደረሰ። ዝናሽ ከጀመሩት አንዷ ነበረች፤ ዛሬም በሕይወት አለች። ገበያ ውስጥ እንገናኛለን፣ ስለ ልጆቼ ትጠይቀኛለች። ይቅር ብየሻለሁ ብላኝ አታውቅም። እኔም ደግሜ አልጠየቅኋትም። ወደ አዲስ አበባ ስትሄድ አውቶብሱ ደጀን ለምሳ ቢቆም እንኳ እንደማትወርድ ሰዎች ነግረውኛል። መሪጌታ ካረፉ ብዙ ዓመት ሆናቸው።

አሁን ዘመኑ ሌላ ነው። በሽታውም እንደዚያ አያስፈራም፤ ደብዳቤም በስልክ ሆኗል። ሰው ግን ራሱ ያልተናገረውን ምስጢር በሌላ ሰው አፍ ሲሰማው የሚደርስበት ነገር የተለወጠ አይመስለኝም።

ስብሰባው ሲያበቃ ናሆምን ለብቻው ጠርቼ፣ ከመወሰናችን በፊት መረጃቸው የሚመዘገብ አባላት ራሳቸው ተቀምጠው ሦስቱንም አማራጮች እንዲያዩ ጠየቅሁት። በትሕትና ነው የመለሰልኝ።

«ወይዘሮ ሰብለ፣ እነሱ እኮ ስለ ሶፍትዌር ብዙም አያውቁም።»

«እኔ ያኔ ስለ ሶፍትዌር አውቅ ነበር» አልኩት።